አንጋፋ የቤዝቦል አሰልጣኝን እንዴት በሚዛን እናስቀምጥ? የደስቲ ቤከር የ26 ዓመት ሥራ እንደ ምሳሌ

የዋሽንግተን ናሽናልስ ክለብ በኦክቶበር 2017 ዋና አሰልጣኙን ደስቲ ቤከርን ሲያሰናብት፣ ቡድኑ በመደበኛው የውድድር ዘመን 97 ጨዋታዎችን አሸንፎ ምድቡን ለሁለተኛ ተከታታይ ዓመት በአንደኝነት አጠናቆ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ፣ ቤዝቦልን የለመዱ ወገኖቻችን ውሳኔው የቀሰቀሰውን ክርክር ያስታውሱት ይሆናል። አንደኛው ወገን በሁለት ዓመት 192 ጨዋታ ያሸነፈ ሰው እንዴት ይባረራል ሲል፣ ሌላው ደግሞ ቡድኑ ሁለቱንም ዓመት በፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ዘመን በኋላ በሚደረገው የጥሎ ማለፍ ውድድር) የመጀመሪያ ተጋጣሚውን ማለፍ እንዳቃተው እየጠቀሰ ስንብቱን ይደግፍ ነበር። ሁለቱም የያዙት ቁጥር ትክክል ነው። ችግሩ ቁጥሩ ስለ አሰልጣኙ ምን እንደሚመሰክርና ምን እንደማይመሰክር ሳይለዩ ወደ ፍርድ መሄዳቸው ላይ ነው።

ይህ መመሪያ ደጋፊው ያን ልዩነት እንዲያወጣ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው። ምሳሌ አድርጌ ቤከርን የመረጥሁት ሥራው ተጠናቅቆ ሙሉ በሙሉ ስለሚታይ ነው፤ ከ1993 እስከ 2023 ድረስ ሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስን፣ ቺካጎ ካብስን፣ ሲንሲናቲ ሬድስን፣ ዋሽንግተን ናሽናልስንና ሂውስተን አስትሮስን ለ26 የውድድር ዘመናት መርቷል፤ 2,183 ጨዋታ አሸንፎ 1,862 ተሸንፏል። አምስት የተለያዩ ቡድኖችን የምድብ አሸናፊ ያደረገ የመጀመሪያው አሰልጣኝም እርሱ ነው። ይህን ሁሉ አድርጎም ሥራውን እስከሚያቆምበት ቀን ድረስ የተዋጣለት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር አልተለየውም።

በእጁ ያለውንና የሌለውን ይለዩ

የእግር ኳስ አሰልጣኝ ስልት ይነድፋል፣ ብዙ ጊዜም በተጫዋች ግዥ ላይ ድምፅ አለው። የቤዝቦል ዋና አሰልጣኝ ሥልጣን ግን ከዚያ ጠበብ ይላል። ተጫዋች የሚገዛውና የሚሸጠው ጀነራል ማናጀሩና ከሥሩ ያለው ቢሮ ነው። ለአሰልጣኙ የሚቀሩት ዋና ዋና ውሳኔዎች የመቺዎችን ተራ ማዘጋጀት፣ ወርዋሪውን (ኳሱን ለተጋጣሚ መቺ የሚወረውረውን ተጫዋች) መቼ እንደሚቀይርና በማን እንደሚተካው መወሰን፣ ተጫዋቾችን በተገቢው ጊዜ ማሳረፍ፣ ወጣቶችን ወደ ሜዳ ማስገባት፣ እንዲሁም በየዓመቱ 162 ጨዋታ የሚጫወት የመልበሻ ክፍል ሳይበታተን እንዲዘልቅ ማድረግ ናቸው። እነዚህም ቢሆኑ በደንብ ለውጥ እየጠበቡ መጥተዋል። ከ2020 ጀምሮ አንድ ወርዋሪ ኢኒንጉ (ሁለቱ ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት፣ ከዘጠኙ የጨዋታው ክፍሎች አንዱ) ካላለቀ ወይም ጉዳት ካልደረሰበት በቀር ቢያንስ ሦስት መቺዎችን መግጠም አለበት፤ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ከሜጀር ሊግ (ከከፍተኛው የአሜሪካ ቤዝቦል ውድድር) ሁለት ሊጎች አንዱ በሆነው በናሽናል ሊግም ወርዋሪው ራሱ ለመምታት የሚወጣበት ግዴታ ቀርቷል። ስለዚህ በ1990ዎቹ አንድን አሰልጣኝ ብልህ ያሰኙት የነበሩ በርካታ የቅያሪ ጥበቦች ዛሬ የሚታዩበት ቦታ የላቸውም፤ የአንጋፋውን የቀድሞ ዝና ለዛሬው ሥራ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ የማይበቃውም ለዚህ ነው።

የድል ብዛት ብቻውን ብዙ እንደማይናገር ለማየት ኮኒ ማክን ማስታወስ ይበቃል። በሜጀር ሊግ ታሪክ ከእርሱ የበለጠ ያሸነፈ አሰልጣኝ የለም፤ ከእርሱ የበለጠ የተሸነፈም የለም። 3,731 ድሉና 3,948 ሽንፈቱ አብረው የተመዘገቡት ሃምሳ ሦስት የውድድር ዘመን በአሰልጣኝነት ስለሠራ ነው።

ከድል ብዛት የተሻለ መነሻ የሚሆን፣ ማንም ሰው በስልኩ ሊሠራው የሚችል አንድ ስሌት አለ። ቡድኑ በዓመቱ ያስቆጠረውን ነጥብ በራሱ ያባዙ፤ የተቆጠረበትንም እንዲሁ። ከዚያ የመጀመሪያውን ውጤት ለሁለቱ ድምር ያካፍሉና በ162 ያባዙት። የሚወጣው ቁጥር ቡድኑ በነጥቡ መጠን ስንት ጨዋታ ማሸነፍ ይገባው እንደነበር በግምት ያሳያል። በ2022 የቤከር አስትሮስ 737 ነጥብ አስቆጥሮ 518 ተቆጠረበት፤ ስሌቱ ወደ 108 ድል ሲያመጣ ቡድኑ በእርግጥ ያሸነፈው 106 ነው። ልዩነቱ ከቁብ የሚቆጠር ስላልሆነ በዚያ ዓመት አሰልጣኙ ከተሰጠው ቡድን የሚጠበቀውን አወጣ ማለት እንችላለን። ልዩነቱ ስምንትና ዘጠኝ ሲደርስ፣ በተለይም ለሦስትና ለአራት ዓመት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲያጋድል፣ የተጠባባቂ ወርዋሪዎችን አጠቃቀም በቅርበት መመርመር ያስፈልጋል። በአንድ ነጥብ ልዩነት የሚያልቁ ጨዋታዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰኑት እዚያ ነውና። የአንድ ዓመት ልዩነት ብቻውን ግን ዕድልም ሊሆን ስለሚችል በእርሱ ላይ ፍርድ አይመሠረትም።

ውሳኔውን ከውጤቱ ለይተው ይመርምሩ

ደጋፊ አሰልጣኙን ከሁሉ አብዝቶ የሚወቅሰው በወርዋሪ ቅየራ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም ብለን የቤከርን ሁለት ምሽቶች ጎን ለጎን እንመልከት።

ኦክቶበር 26 ቀን 2002፣ አናሃይም። ጃያንትስ በወርልድ ሲሪስ (የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች በሚገናኙበት፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን በሚወስድበት ፍጻሜ) 3 ለ 2 ይመራል፤ በስድስተኛው ጨዋታም በሰባተኛው ኢኒንግ 5 ለ 0 እየመራ ለዋንጫው ስምንት አውት (የተጋጣሚን መቺ ወይም ሯጭ ማስወጣት፤ ሦስት አውት የአንዱን ቡድን የመምታት ተራ ይዘጋል) ብቻ ቀርቶታል። ወርዋሪው ራስ ኦርቲዝ በተከታታይ ሁለት መቺዎች ሲመቱበት ቤከር ወጥቶ ቀየረው፤ ሲወጣም የጨዋታውን ኳስ ለማስታወሻ ሰጠው። የተተካው ፊሊክስ ሮድሪጌዝ ከስኮት ስፒዚዮ ጋር ረጅም ትግል ካደረገ በኋላ ባለ ሦስት ነጥብ ሆም ረን (ከሜዳው አጥር የሚያልፍ ምት) ተመታበት። ኤንጀልስ ጨዋታውን 6 ለ 5፣ በማግስቱም ሰባተኛውን 4 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

ኦክቶበር 14 ቀን 2003፣ ቺካጎ፣ ሪግሊ ፊልድ። ካብስ ከፍሎሪዳ ማርሊንስ ጋር ባደረገው የናሽናል ሊግ ፍጻሜ 3 ለ 2 ይመራል፤ በስምንተኛው ኢኒንግ 3 ለ 0 እየመራ ከ1945 ወዲህ የመጀመሪያው ወደሆነው ወርልድ ሲሪስ ለመድረስ አምስት አውት ይቀረዋል። በሜዳው መካከል የቆመው ወርዋሪ ገና 23 ዓመት የሞላው ማርክ ፕራየር ነው። አንድ ተመልካች እጁን የዘረጋለት ኳስ ከተከላካዩ ጓንት አመለጠ፤ መቺው ሳይመታ ወደ መጀመሪያው ቤዝ በነፃ ተሻገረ፤ ቀጥሎ ምት መጣ፤ ከዚያም ሾርትስቶፑ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚከላከለው) አሌክስ ጎንዛሌዝ ቀላል የሚመስል ኳስ አምልጦት ሜዳው በሯጮች ሞላ። ቤከር ፕራየርን ያስወጣው ዴሬክ ሊ ውጤቱን እኩል ካደረገ በኋላ ነበር። በዚያ ኢኒንግ ስምንት ነጥብ ተቆጠረ፤ በማግስቱም ካብስ ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ።

በመጀመሪያው ምሽት ቶሎ ቀየረ ተብሎ ተወቀሰ፤ በሁለተኛው ዘገየ ተብሎ። ፍርዳችን በውጤት ላይ ብቻ ከተመሠረተ፣ ከሁለቱ ምሽቶች የምንማረው ሁልጊዜ ከተደረገው ተቃራኒው መደረግ ነበረበት የሚለውን ብቻ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ ጨዋታውን ውሳኔው በተሰጠበት ቅጽበት ላይ አቁመው የሚከተለውን ይጠይቁ፦ ወርዋሪው እስከዚያ ስንት ኳስ ወርውሯል፣ በዚያ ኢኒንግስ የሚመታበት ኳስ በኃይል ነው ወይስ ለስለስ ብሎ? በተጠባባቂዎች በኩል ማን ተሟሙቋል፣ ትናንትና ከትናንት በስቲያስ ስንት ወርውሯል? ቀጣዩ መቺ ግራኝ ነው ወይስ ቀኝ? ከእነዚህ አብዛኞቹ በጨዋታው መዝገብ ላይ ይገኛሉ፤ ቤዝቦል ሬፈረንስ የተባለው ድረ ገጽ በየጨዋታው ዘርዝሮ በነፃ ያቀርባቸዋል።

በዚህ መንገድ ስመዝነው የ2002ቱን ውሳኔ ስሕተት ለማለት አልደፍርም። ኦርቲዝ መመታት ጀምሯል፣ የተተካውም ዓመቱን ሙሉ ቡድኑ እንዲህ ባለ ሰዓት ሲተማመንበት የቆየ ሰው ነው። የ2003ቱ ግን ይከብዳል። የተከላካዩ ስሕተት የአሰልጣኙ አይደለም፣ የተመልካቹም እጅ እንዲሁ፤ ነገር ግን ፕራየር ከሜዳ እስኪወጣ ድረስ 119 ኳስ ወርውሯል፣ ስሕተቱም ከተፈጸመ በኋላ መልሶ ለመረጋጋት የሚሆን ጉልበት አልቀረለትም ነበር። ያን ኢኒንግ በሙሉ በዕድል ማመካኘት ትክክል አይመስለኝም።

ይኸው ሰው ከ19 ዓመት በኋላ ያደረገውን ደግሞ ይመልከቱ። በ2022 ወርልድ ሲሪስ አራተኛ ጨዋታ ክርስቲያን ሃቪየር ስድስት ኢኒንግ አንድም ምት ሳይሰጥ ጨረሰ። ወርዋሪ በዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ ማንም አሰልጣኝ ታሪኩን ማቋረጥ አይፈልግም። ቤከር ግን 97 ኳስ መወርወሩን አይቶ አስወጣው፤ ሦስቱ ተተኪዎችም ምት ሳይሰጡ ጨዋታው 5 ለ 0 ተጠናቀቀ። በስድስተኛው ጨዋታ በተራው የፊላደልፊያው ሮብ ቶምሰን 1 ለ 0 እየመራ ዛክ ዊለርን በ70 ኳስ አስወጥቶ ግራኙን ሆዜ አልቫራዶን በግራኙ ዮርዳን አልቫሬዝ ላይ አስገባ። አልቫሬዝ ባለ ሦስት ነጥብ ሆም ረን መታ፤ አስትሮስም በዚያ ምሽት 4 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። የቶምሰን ስሌት፣ ማለትም ግራኝ ወርዋሪ ግራኝ መቺን ይበልጥ ይቸግራል የሚለው፣ በየቀኑ የሚሠራበት፣ ብዙ ጊዜም የሚሳካ ስሌት ነው። ቤከርን ለሃቪየር ያወደሰ ሰው ቶምሰንን ለዊለር ከመውቀሱ በፊት ሁለቱን ውሳኔዎች በአንድ መስፈርት መለካቱን ማረጋገጥ አለበት።

ብርታቱና ድክመቱ ከአንድ ሥር ሲበቅሉ

ስለ አንጋፋ አሰልጣኝ ስንጽፍ ብርታቱን በአንድ ዓምድ፣ ድክመቱን በሌላ ዓምድ መደርደር ይቀናናል። እኔ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱ አንድ ነገር ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። የቤከር ዋና ባሕርይ ሰው ማመን ነው። ራሱ 19 የውድድር ዘመናት የተጫወተ፣ በ1981 ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር ዋንጫ ያነሣ፣ ሃንክ አሮን በ1974 715ኛውን ሆም ረን ሲመታ ቀጣዩ ተራ መቺ ሆኖ በቅርብ ቆሞ ያየ ሰው ነው። የተጫዋችን ድካምና ፍርሃት ከውስጥ ስለሚያውቀው ተጫዋቾቹ ይወዱታል፤ እርሱም በክፉ ቀናቸው አይጥላቸውም።

ይህ እምነት ምን እንደሚያተርፍ በ2020 በሂውስተን ታይቷል። ቡድኑ በ2017 የተጋጣሚ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ የወርዋሪውን ኳስ የሚቀበል) ለወርዋሪው የሚሰጠውን ምልክት በካሜራ እየሰረቀ መጫወቱ ተረጋግጦ ጀነራል ማናጀሩና አሰልጣኙ ከተሰናበቱ በኋላ ነበር ቤከር የተቀጠረው። በአጭሩ የ60 ጨዋታ ውድድር ዘመን 29 አሸንፎ 31 የተሸነፈው ቡድን፣ በአሜሪካን ሊግ ፍጻሜ በታምፓ ቤይ 3 ለ 0 ከተመራ በኋላ ሦስት ተከታታይ ጨዋታ አሸንፎ እስከ ሰባተኛው ደረሰ። በየሜዳው የሚሰደብ፣ በራሱም ያፈረ ቡድን ተሰባስቦ ለመታገል እንዲህ ያለ አሰልጣኝ ያስፈልገዋል፤ ይህን በነጥብ ስሌት አናገኘውም፣ ነገር ግን እውነተኛ ሥራ ነው፣ በሚዛኑም ላይ ክብደት ሊሰጠው ይገባል።

ያው እምነት ከልክ ሲያልፍ የሚያስከፍለው ዋጋም አለ። በሴፕቴምበር 2003 ፕራየር በተደጋጋሚ ከ120 በላይ ኳስ ወርውሯል፤ በፕሌይኦፉም ካብስ ማርሊንስን 12 ለ 3 ባሸነፈበት ጨዋታ፣ ውጤቱ ከተወሰነ በኋላ እንኳ እስከ ሰባተኛው ኢኒንግ ድረስ ቆይቷል። ፕራየር በሜጀር ሊግ የወረወረበት የመጨረሻ ዓመት 2006 ነው። ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ደጋፊ የዚያን ወጣት ክንድ ያጠፋው ቤከር ነው ብሎ ደምድሟል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በ2005 በኃይል የተመታ ኳስ ክርኑን ሰብሮበታል፣ ከዚያም በፊት በ2003 ከተጋጣሚ ጋር ተጋጭቶ ተጎድቷል። የቡድን ጓደኛው የወርዋሪው የኬሪ ዉድ የክርን ቀዶ ሕክምናም የተደረገው ቤከር ቺካጎ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት በ1999 ነው። በማስረጃ ልንል የምንችለው አሰልጣኙ አስፈላጊ ያልነበረ ሸክም ጨመረ የሚለውን ነው። ይህም ራሱ ከባድ ወቀሳ ስለሆነ ማጋነን አያስፈልገውም።

ሌላው መልኩ በ2023 ታየ። ቤከር የመምታት አማካዩ .191 (ከአንድ ሺህ ሙከራ 191 ምት ያህል) የነበረውን አንጋፋውን ካቸር ማርቲን ማልዶናዶን፣ .282 እየመታ 23 ሆም ረን ካስቆጠረው ጀማሪው ያይነር ዲያዝ አስቀድሞ ያሰልፍ ነበር። ምክንያቱ ወርዋሪዎቹ በማልዶናዶ አያያዝ መተማመናቸው ነው። ምክንያቱ ባዶ አይደለም፤ ካቸር በየኳሱ ጨዋታውን የሚመራ ሰው ነው። ደጋፊው ማድረግ ያለበት ይህን ምክንያት ሳያጣጥል መፈተን ነው፦ ወርዋሪዎቹ ከሁለቱ ካቸሮች ጋር በተናጠል ስንት ነጥብ እንደተቆጠረባቸው መዝገቡን አውጥቶ ማየት፣ ልዩነቱም በመምታት የሚጠፋውን ነጥብ ይክሳል ወይ ብሎ ማስላት። በእኔ ሚዛን ያን የሚያህል የመምታት ልዩነት በእምነት ብቻ አይሸፈንም፤ ለዲያዝ ቢያንስ ግማሹ የካቸርነት ጊዜ ይገባው ነበር።

ፕሌይኦፍን በልኩ ይመዝኑ

ሦስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት የአምስት ጨዋታ ውድድር፣ እያንዳንዱን ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ 55 ከመቶ የሆነ የተሻለ ቡድን ውድድሩን የሚያሸንፈው 59 ከመቶ ያህል ጊዜ ብቻ ነው። ከአሥር አራት ጊዜ ያህል የተሻለው ቡድን ይወድቃል ማለት ነው። ቤከር በ2012 ከሲንሲናቲ፣ በ2016ና በ2017 ከዋሽንግተን ጋር በአምስተኛው ጨዋታ ተሸንፎ መውጣቱን በዚህ ዓይን ማየት ይገባል። ቦቢ ኮክስ አትላንታን ከ1991 እስከ 2005 በተጠናቀቁት የውድድር ዘመናት ሁሉ የምድቡ አንደኛ አድርጎ ዋንጫ ያነሣው አንድ ጊዜ፣ በ1995 ብቻ ነው። በ2023 የቤከር አስትሮስ በሜዳው 39 አሸንፎ 42 ሲሸነፍ ከሜዳው ውጭ 51 አሸንፎ 30 ብቻ ተሸነፈ፤ በሊጉ ፍጻሜም ከቴክሳስ ሬንጀርስ ጋር በአርሊንግተን ሦስቱን ጨዋታ አሸንፎ በሂውስተን አራቱን ተሸነፈ። ይህን የሚያብራራ የአሰልጣኝ ውሳኔ እስካሁን አላየሁም።

ስለ ወደፊቱ ሲጠይቁ

ስለ አርሴን ቬንገር ለዓመታት የተከራከረ የአርሰናል ደጋፊ፣ ያለፈ ውለታና የነገ ተስፋ በአንድ ሚዛን ሲቀመጡ ክርክሩ እንደማያልቅ ያውቃል። ስለዚህ የወደፊቱን ጥያቄ ለብቻው ያንሡት።

ዕድሜን መስፈርት አያድርጉት። ቶኒ ላ ሩሳ በ76 ዓመቱ ወደ ቺካጎ ዋይት ሶክስ ተመልሶ በ2021 ቡድኑን 93 ጨዋታ አሸናፊ አደረገው። በጁን 2022 ግን ትሬ ተርነር ሁለት ስትራይክ ተቆጥሮበት ሳለ (ሦስተኛው ቢቆጠርበት ይወጣ ነበር) ሆን ብሎ በነፃ እንዲሻገር አዘዘ፤ ቀጣዩ መቺ ማክስ መንሲ ባለ ሦስት ነጥብ ሆም ረን መታ። እዚህ ውጤቱን ብንተወውም ውሳኔው ራሱ አይቆምም፤ ሁለት ስትራይክ ያለበት መቺ በእጅጉ የተዳከመ ነውና። ላ ሩሳ በዚያው ዓመት በጤና ምክንያት ሥራውን ለቀቀ። በአንጻሩ ብሩስ ቦቺ ለሦስት ዓመት ከሥራ ርቆ ከቆየ በኋላ በ2023 በ68 ዓመቱ ሬንጀርስን ይዞ ዋንጫ አነሣ። ቤከርም በ2022 ሲያሸንፍ 73 ዓመቱ ነበር፤ ወርልድ ሲሪስ ያሸነፈ በዕድሜ ትልቁ አሰልጣኝም ሆነ።

ከዕድሜው ይልቅ መማሩን ይመልከቱ። የ2003ቱን ፕራየርና የ2022ቱን ሃቪየር አጠገብ ለአጠገብ ሲያስቀምጧቸው፣ ቤከር በወርዋሪ አያያዝ እንደተለወጠ ግልጽ ነው፤ የዲያዝ ጉዳይ ደግሞ ለአንጋፋ ተጫዋቾች ያለው አድልዎ እስከ መጨረሻው እንዳልተለወጠ ያሳያል። ክለቡ በቀጣዩ ዓመት በወጣቶች ላይ ሊመካ ከሆነ ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ዋንጫ አሁኑኑ የሚፈልግ በሳል ቡድን ከሆነ ግን ቀላል ነው። አንድ አሰልጣኝ ለአንዱ ክለብ ተገቢ፣ ለሌላው የማይስማማ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሰናበት የሚል ደጋፊ የሚተካውን ሰው በስም የመጥራት ግዴታ አለበት። ዋሽንግተን ቤከርን አሰናብቶ ከዚያ በፊት በዋና አሰልጣኝነት ሠርቶ የማያውቀውን ዴቭ ማርቲኔዝን ሲቀጥር፣ በ2018 ድሉ ከ97 ወደ 82 ወረደ። በ2019 ግን ያው ማርቲኔዝ ቡድኑን የወርልድ ሲሪስ አሸናፊ አደረገው። በ2018 መጨረሻ የጻፈ ሰው ስንብቱን ጥፋት፣ በ2019 መጨረሻ የጻፈ ደግሞ ብልሃት ይለዋል። እኔ ግን ዋንጫው ከመጣ በኋላም ቢሆን ስንብቱ ተገቢ ነበር ብዬ አላምንም፤ ክለቡ በእጁ ያለውን አስተማማኝ ነገር ሰጥቶ ያልተፈተነ ነገር ወሰደ፣ ምርጫው በኋላ መሳካቱም በጊዜው የነበረውን ሚዛን አይለውጠውም።

የውሉንም ርዝመት ያስተውሉ። አስትሮስ ለቤከር የሚያድስለት አንድ አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ለክለቡ ይህ ጥንቃቄ ነው፤ አሰልጣኙን ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ለሚያፈራ ወጣት እንዳይጨነቅ ያደርገዋል። የዛሬውን ጨዋታ ካላሸነፈ የነገውን አያየውምና። ስለ ዲያዝ አሰላለፍ ቤከርን የሚወቅስ ሰው ከወቀሳው ከፊሉን ለእንዲህ ያለ ውል ሊያደርገው ይገባል።

በመጨረሻም የራስዎን ፍርድ ለመፈተን፣ የውድድር ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት ስለ አሰልጣኝዎ የሚጠብቁትን በጽሑፍ ያስፍሩ፦ የትኛውን ወጣት በስንት ጨዋታ ሊያሰልፍ እንደሚገባ፣ ዋናው ተጠባባቂ ወርዋሪ ሦስት ቀን በተከታታይ መወርወር እንደሌለበት፣ ቡድኑ በነጥብ ስሌቱ ስንት ድል እንደሚጠበቅበት። ወረቀቱን በየወሩ መጨረሻ ከመዝገቡ ጋር ያስተያዩት፤ በኦክቶበር ስለ ስንብት ወይም ስለ ውል ማደስ ለመናገር ሲነሡም ከትናንት ማታው ጨዋታ በፊት ያን ወረቀት ያንብቡ።